የባባ ግራ እግር

ሳውዲ ከመምጣቴ በፊት ዘጠኝ ዓመት ከኮምቦልቻ ጅቡቲ በጭነት መኪና ተመላልሻለሁ። ያኔ የነዳኋቸው መኪኖች በሙሉ ፍሪሲዮን ተረግጦ ማርሽ የሚቀየርላቸው ነበሩ። ኾበር ከተማ፣ አል ራዋቢ ሰፈር ውስጥ በአንድ ቪላ የቤት ሾፌር ሆኜ ስቀጠር ግን የተሰጠኝ ትልቅ አውቶማቲክ መኪና ነው። የቤቱን እመቤት፣ ማዳምን፣ ገበያ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አደርስበታለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ግራ እግሬ የሌለ ፔዳል ሲፈልግ፣ ባዶ ወለል ሲረግጥ ሰነበተ። ከዚያ ለመደ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ የግራ ጉልበቴ በዚያ ሁሉ ቁልቁለትና ዳገት አርጅቶ ነበር።

ካፊሌን፣ ማለትም አሠሪዬን፣ ሁላችንም ባባ ነበር የምንለው። ስልሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ከነዳጅ መሐንዲስነት ጡረታ የወጣ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ዓረብኛ አንቱታ ስለሌለው እኔም አንተ እያልኩት ኖርኩ። ጋራዡ ውስጥ ጣሪያዋ ከደረቴ የማይደርስ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የሩጫ መኪና ነበረችው። ማርሿ በእጅ ነው። እዚያ አገር በእጅ የሚቀየረውን ማርሽ «ዓዲ» ይሉታል፤ ተራ፣ የተለመደ ማለት ነው። ባባ ግን በዚያች መኪና ተራ የሚለው ነገር አልነበረውም። ከልጆቹ አንዳቸውም ሊነዷት አይችሉም፤ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር ረግጠው አያውቁም።

አንድ ቀን ሳጥባት መጣና መንዳት እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። እችላለሁ አልኩት። አጠገቤ ተቀመጠና ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞርን። ማርሽ ወደ ታች ስመልስ፣ በአሮጌ የጭነት መኪና እንደለመድኩት ፍሪሲዮኑን ሁለት ሁለት ጊዜ እረግጣለሁ። እሱን ሲያይ ከት ብሎ ሳቀ። አባቱ ጭነት ሲነዳ እንዲህ ያደርግ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ጠዋት፣ መንገዱ ገና ባዶ ሳለ፣ ወደ ኒስፍ ቀመር ባሕር ዳርቻ ሲወጣ ይዞኝ መሄድ ጀመረ። እሱ ይነዳል፣ እኔ እሰማለሁ።

የምንከራከረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጓደኛው አዲስ መኪና ገዝቷል፤ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ። አንደኛው ፍሪሲዮን አንድ፣ ሦስትና አምስትን ይይዛል፤ ሌላኛው ሁለት፣ አራትና ስድስትን። አንተ በሁለት ስትሄድ ሦስት ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል፤ እግር የሚረግጠው ነገር የለም። የሰው እጅ በምንም ተአምር አይቀድመውም።

ባባ ፍጥነቱን አልካደም። ግን «ቀጥሎ የምገባበትን ማርሽ እኔ ሳላስብ መኪናው ቀድሞ ያስብልኛል። እሱ ነው ደስ የማይለኝ» አለኝ።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በሚሌ ቁልቁለት ሠላሳ ቶን ጭኜ ሳለሁ ቢኖረኝ ኖሮ እስመው ነበር አልኩት። እሱ ለፍቅር የሚረግጠውን እኔ ለእንጀራ ረግጬዋለሁ። ሳንስማማም፣ ሳንጣላም እንመለሳለን።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ድምፅ ሰማሁ። ከሁለት ወደ ሦስት ሲቀይር ካምቢዮው ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው ጮኸ። አንድ ጊዜ ነው ብዬ ተውኩት። በሳምንቱ ደገመ። ዓይኔን ወደ ታች ስልከው የባባ ግራ እግር ፔዳሉን እስከ መጨረሻው አልወሰደውም። ግማሽ ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በኋላ ሌላም ነገር ማየት ጀመርኩ። መኪና ሲገባ ግራ ጉልበቱን በእጁ አንስቶ ነው የሚያስገባው።

እቤቱ ውስጥ የምትሠራ አንዲት የጎጃም ልጅ ነበረች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ጋሼ ነበር የምትለኝ። አንድ ቀን ጫማ ስታጸዳ አገኘኋትና፣ የባባ የግራ ነጠላ ጫማ ብቻ ለምን ጫፉ እንደሚያልቅ ጠየቀችኝ። ደረጃ ላይም ሲደናቀፍ ሁለት ጊዜ አይታዋለች። እኔ ጫማው አርጅቶ ነው፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም ብያት አለፍኩ።

ብዙ ሳይቆይ ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ። ደማም ሰናዒያ፣ የኢንዱስትሪ ሰፈሩ ውስጥ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ሶርያዊው መካኒክ ፈታትቶ ዲስኩን አውጥቶ አሳየን። ጠቁሯል፣ ብረቱም ሰማያዊ ሆኗል። ይህ የዕድሜ ሥራ አይደለም፤ አንድ ሰው እግሩን ፔዳሉ ላይ አስቀምጦ፣ ሳይረግጥም ሳይለቅም ነድቷታል አለ። ባባ ዞር ብሎ አየኝ።

ቤት ስንደርስ ጋራዡ ውስጥ አቆመኝ።

«እኔ ሳልኖር ነድተሃታል?»

ለማጠብ ከማውጣት በቀር ነድቻት አላውቅም። መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ እግርህ ነው ባባ፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ግን አንድን ኩሩ ሰው በገዛ ጋራዡ፣ እግርህ ከድቶሃል ብሎ መናገር ቀላል አይደለም። የመኖሪያ ፈቃዴም፣ ኢቃማዬ፣ ሊታደስ አንድ ወር ቀርቶት ነበር፤ የሚያሳድሰው እሱ ነው። ኮምቦልቻ ሦስት ልጆች አሉኝ።

«ለማጠብ ሳወጣት እግሬን አሳርፌባት ይሆናል። ይቅር በለኝ» አልኩት።

ረጅም ጊዜ አየኝ። ኸላስ፣ በቃ ብሎ ገባ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳብኝም። ማዳም ግን ሰምታ ነበርና ለሳምንት ፊቷን አጠቆረችብኝ። ኢቃማዬ ታደሰ። ፍሪሲዮኑ ተቀየረ። ዓርብ ዓርብ መውጣታችንም እንደ ቀድሞው ቀጠለ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ እግሩ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ፣ ስለ ባሕሩ አወራለሁ።

በዚያ ሰሞን የግቢው በር ሞተር ተበላሽቶ ስለነበር በሩ በእጅ ነበር የሚከፈተው። የምትከፍተው የጎጃሟ ልጅ ነበረች። ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሰላት እንደተሰገደ ነው፤ እኔ ውጭ ትልቋን መኪና አጥባለሁ። ባባ የሩጫ መኪናዋን አስነስቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን እንደረገጠ በሩ እስኪከፈት ይጠብቃል። በሩ ከባድ የብረት ተንሸራታች ነው። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ እየገፋች ሳለ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። መኪናዋ አንድ ጊዜ ዘለለች። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። ጸጥታው ውስጥ የልጅቷን ድምፅ ሰማሁ። ጩኸት አልነበረም፤ ቀስ ብላ «ኧረ እግሬን፣ ኧረ እግሬን» ትላለች።

እየሮጥኩ ገባሁ። መኪናዋ የልጅቷን ጉልበት ከበሩ ብረት ጋር አጣብቃዋለች። መኪናዋን ለመግፋት ማርሹ መውጣት ነበረበትና በመስኮቱ እጄን አስገባሁ። ባባ ሁለት እጁ መሪው ላይ እንደተጣበቀ ወደ ፊት ያያል። ግራ እግሩ ከፔዳሉ ተንሸራቶ፣ የሌላ ሰው እግር ይመስል ወደ ጎን ተጋድሟል። ማርሹን አወጣሁና ሮጦ ከመጣው ትልቁ ልጁ ጋር መኪናዋን ወደ ኋላ ገፋናት። ልጅቷ እጄ ላይ ወደቀች። አብሽሪ፣ አይዞሽ እላታለሁ፤ የማደርገው ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ሆስፒታል በር ላይ ማዳም ለብቻዬ ጠራችኝ። የነዳሁት እኔ ነኝ ብለህ ትናገራለህ አለችኝ። ሾፌር ነህ፣ ሥራህ ነው፣ ፍሪሲዮኑንም ያበላሸኸው አንተ ነህ። አልተቆጣችም፤ የዕለቱን ገበያ እንደምታዝ ሰው ነበር የተናገረችው። አንዲት የዋሸኋት ቃል እንዲህ ተመልሳ እንደምትይዘኝ አላሰብኩም ነበር። ዝም አልኩ። እሷም ዝምታዬን እሺ ማለት አድርጋ ወሰደችው። የትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ማን ነበር የሚነዳው ሲል፣ ምን እንደምመልስ እስከ ዛሬ አላውቅም። መልሱ እኔ ጋ አልደረሰም። ባባ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመና «እኔ ነበርኩ» አለ።

ልጅቷን ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና አደረጉላት። አጥንቱ ገጠመ፣ ጉልበቷ ግን መታጠፍ እምቢ አለ። ከሁለት ወር በኋላ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛው፣ ተመታላትና ደማም አየር ማረፊያ ያደረስኳት እኔ ነኝ። የኋላውን ወንበር ሙሉ እግሯን ዘርግታ ይዛዋለች። መንገድ ላይ፣ ለእናቷ ደረጃ ላይ ወድቄ ነው እንዳለቻት፣ እኔም ቢደወልልኝ እንዲሁ እንድል ነገረችኝ። እሺ አልኳት። ተሽከርካሪ ወንበሩን የሚገፋው ሰው ሲወስዳት ዞር ብላ እጇን አነሳችልኝ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ባባ መኪና ልግዛ ነው፣ ና አለኝ። ልጆቹን አልጠራም። ቢሰሙ ይከለክሉታል። ከኾበር ወደ ደማም በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ትልቅ የመኪና መሸጫ ገባን። የድሮዋ መኪናው አዲስ ምርት ሁለት ዓይነት ሆና ቆማለች፤ አንዷ ዓዲ፣ አንዷ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን። ሻጩ ሁለተኛዋን ያሞግሳል። ዓዲውን የሚጠይቅ ሰው እየጠፋ ነው ይላል። ባባ አልሰማውም። ዓዲዋ ውስጥ ገባና በሩን ክፍት ትቶ ተቀመጠ። ግራ እግሩን በእጁ አንስቶ ፔዳሉ ላይ አኖረው። ሞተሩ አልተነሳም፤ ለመሞከር ያህል ብቻ ነው። ረገጠ። ፔዳሉ ትንሽ ወረደና ቆመ። እንደገና ረገጠ። የአንገቱ ሥሮች ተገተሩ። ሻጩ ስልክ እንደሚያይ ሰው መስሎ ራቅ አለ።

ባባ ወደ ፊት እያየ «የትኛዋ ትሻላለች?» አለኝ።

«ባባ፣ እግርህ አይረግጥም» አልኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?»

«ፍሪሲዮኑ ከመቃጠሉ በፊት።»

«እኔም» አለ።

ከዚያ እዚያው ተቀምጦ ነገረኝ። ሐኪሞቹ ዓዲ መኪና እንዳይነዳ የነገሩት ጋራዥ ከመሄዳችን በፊት ነው። የነርቭ በሽታ ነው፤ ከእግር ይጀምራል፣ በኋላ ወደ እጅ፣ ወደ ምላስ ይወጣል። ለማንም አልተናገረም።

«ያን ቀን ጋራዥ ውስጥ ስትዋሽልኝ አውቄ ነበር። ደስ አለኝ» አለ። ድምፁ አልተሰበረም። «በልጅቷ ላይ ግን ጉዳቱን ያደረስነው እኛ ነን። እኔና አንተ።»

ልቃወመው ፈለግሁ። እኔ ምን ነኝ፣ ሾፌር ነኝ፣ እንጀራዬ በአንተ እጅ ነው ልል ፈለግሁ። እውነትም ነበር። ግን ያቺ ልጅ ስለ ጫማው ስትጠይቀኝ ባባ አጠገባችን አልነበረም። ያን ጊዜ ለእሷ ብነግራት ማንም ከሥራ አያባርረኝም ነበር።

ባለ ሁለት ፍሪሲዮኗን ገዛ። ብርዱ እስኪገባ ድረስ በቀኝ እግሩ ብቻ ነዳት። ደስ ብሎት እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ ነገር ግን ክርክራችን አበቃ። ቀኝ እግሩም ሲደክም መሪውን እኔ ያዝኩ፤ እሱ ጎኔ ይቀመጣል። ከመሪው ኋላ ያሉትን መቀየሪያዎች በጣቴ እየሳብኩ ማርሽ መምረጥ እችላለሁ። እሱ ሞተሩን እየሰማ ቁጥሩን ይጠራል። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እሱ ሳይጠራ አልቀይርም። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ቃሉ መንተባተብ ጀመረ፤ ሦስትና አራት ተቀላቀሉብኝ። ተሳስቼ ስስብ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ድምፁ ጨርሶ ጠፋና ዓርብ መውጣቱን ተውነው።

የሞተው በሙቀቱ ወራት ነው። ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ተቀበረ። አፈር ካለበሱት መካከል እኔም ነበርኩ። መኪናዋን ልጁ ሸጣት፤ እኔም ካፊል ቀይሬ ወደ ሰይሃት፣ ወደ አንድ ሽማግሌ ባልና ሚስት ቤት ተዛወርኩ። የምነዳው አውቶማቲክ ነው። ሆስፒታልና ገበያ እንጂ ሌላ መንገድ የለንም።

አንድ ቀን ለልጅቷ ደወልኩላት። ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትንሽ ትንሽ ነገር ትሸጣለች። ጉልበቷን ጠየቅኋት። እንደ ድሮው ነው አለች። ባለፈው ሕማማት ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሷ ቆማ እንዳሳለፈች ነገረችኝ፤ አይታጠፍማ። ባባ ማረፉን ነገርኳት። ነፍስ ይማር አለች፣ ከልቧ ነው ያለችው። ምን ሆኖ ሞተ ስትለኝ በሽታውን፣ ከእግሩ እንደጀመረ ነገርኳት። ከኋላዋ የዶሮ ድምፅ ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ እግሩ እንደታመመ ታውቅ ነበር እንዴ?»

አላውቅም ብላት ታምነኝ ነበር።

«አውቅ ነበር» አልኳት።

«እሺ ጋሼ» አለች። ስልኩ ተዘጋ።

ለፋሲካ ደወልኩ፤ አላነሳችም። ለዘመን መለወጫም ደወልኩ።