ሰባተኛው የእጅ ጽሑፍ

ደባርቅ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት የትምህርት ቤታችንን የግድግዳ ጋዜጣ ተረከብኩ። ጋዜጣ ይባል እንጂ ወደ ቡይት ራስ በሚያወጣው መንገድ በኩል አጥራችን ላይ የተቸነከረ የጣውላ ሰሌዳ ነበር። ዝናብ እንዳይመታው ከላይ ቆርቆሮ ተደርጎለታል፤ ከሥሩ ክዳኑ የተሰነጠቀ የእንጨት ሣጥን ተንጠልጥሏል። ሐሳብ ያለው ሰው ጽፎ በስንጥቁ ይከታል። እኔ ዓርብ ዓርብ ሣጥኑን ከፍቼ፣ አንብቤና አርሜ እለጥፋለሁ። ቅዳሜ ገበያ የወጣ ሁሉ ቆሞ ያነባል፤ ማንበብ የማይችለውም ከሚችለው አጠገብ ቆሞ ይሰማል። እሑድ በቀበሌው አዳራሽ የውይይት ክበብ ሲካሄድ የሚነሳው ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሌዳው የተወሰደ ነበር። በደርግ ዘመን ከውይይት መቅረት ስለማይቻል ሰሌዳዬን የማያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም።

ከእኔ በፊት የነበረው መምህር የደረሰውን ሁሉ እንደ መጣ ይለጥፍ ነበር። አንዱ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ያደርጋል፤ ሌላው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ነጥብ አያስገባም። አንዱ ስለ መንገድ ጥገና ሲጽፍ መልስ የሚሰጠው ሰው የጸሐፊውን አባት ይሰድባል። እኔ ይህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። በአንድ ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ አንቀጽ ያለው ደንብ አወጣሁ። ጽሑፍ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ ይዘጋ፤ መልስ የሚሰጥ ሰው ለጉዳዩ እንጂ ለሰውየው አይመልስ፤ የሰው ስም አይጠራ፤ የጸሐፊም ስም አይጻፍ። ይህችን የመጨረሻዋን ያስገባኋት ሰው ሳይፈራ እንዲጽፍ ብዬ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስህተቱን በቀይ ቀለም አርሜ ራሱን ወረቀቱን ነበር የምለጥፈው። ሰው ከስህተቱ ይማራል የሚል ጽኑ እምነት ነበረኝ። በአራተኛው ሳምንት ሣጥኑን ስከፍት ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ምክንያቱን የነገሩኝ አከራዬ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጠላ እየጠመቁ የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ። ከሰዓት በኋላ መሠረተ ትምህርት ከማስተምራቸው ሴቶች አንዷ ስለሆኑ፣ ቤት ውስጥ አከራዬ፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ ተማሪዬ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ያንን ወረቀት ምነው ደም በደም አደረግኸው?» አሉኝ።

«እርማት ነው እትዬ። ሰው እንዲማርበት ነው።»

«ገበያ መሀል ታርዶ የሚማር ማን አለ? በል ተወው፣ ሰው ስህተቱ ሲሰቀል ራሱ የተሰቀለ ይመስለዋል።»

ነገሩ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ያረምኩትን ሁሉ በራሴ እጅ በጥሩ ወረቀት ገልብጬ መለጠፍ ጀመርኩ። ሣጥኑም እንደገና ሞላ። ዋናውን ግን አልጣልኩም፤ እኔ ወረቀት የምጥል ሰው አይደለሁም። በካርቶን ፋይል ውስጥ በእጅ ጽሑፉ እየለየሁ አስቀመጥኩት። ስም ስለሌለ ቁጥር ሰጠኋቸው። የመጀመሪያው እጅ እርሳሱን ስለሚጫን ጽሑፉ ከወረቀቱ ጀርባ ይዳሰሳል። የሦስተኛው ፊደል ወደ ግራ ያዘነብላል። አምስተኛው ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ሰው መሆኑ ያስታውቃል፤ ብራና ላይ የሚጽፍ ይመስል ፊደሉን ያወፍራል። ለእያንዳንዱ ቁጥር በአንድ ደብተር ላይ አንዳንድ ገጽ ሰጥቼ የሚደጋግመውን ስህተት እመዘግብ ነበር። ሐሳቤ ለክፍል ማስተማሪያ እንዲሆነኝ ነው። ጸሐፊው ማን እንደሆነ ለማወቅ አንድም ቀን አልሞከርኩም።

ግን ጉራ ነበረኝ። አንድ ቀን የቀበሌው ካድሬ ሰሌዳውን ሲያነብ አገኘሁትና ሳይጠይቀኝ አሠራሬን ከሀ እስከ ፐ አስረዳሁት።

«አሁን እኮ ጓድ፣ ወረቀቱን አንዴ ካየሁ የስንተኛው እጅ እንደሆነ ወዲያው እለየዋለሁ» አልኩት።

«ጎበዝ!» አለኝ። «እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገን።»

ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ችግሩ የመጣው በውኃ ነው። በበጋ ቦኖው የሚከፈተው ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። ሴቶቹ ማልደው እንስራቸውን በተራ ይደረድሩና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። የተደረደረው እንስራ እንደ ባለቤቱ ይቆጠራል፤ ማንም አይነካውም። የተጻፈ ደንብ አልነበረም፤ ነገር ግን ከእኔ አሥራ አንድ አንቀጽ ይልቅ የሚከበረው እሱ ነበር። አንድ ዓርብ ከሣጥኑ ያወጣሁት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «እንስራችን በተራው ቆሞ ሳለ ወደ ኋላ ይወሰዳል። የሹሞቹ በርሜል ከፊት ይቆማል። በርሜሉ ሲሞላ ቦኖው ይዘጋል። እንስራ አፍ እያለው አይናገርም። እኛ ግን እንናገራለን።»

ከደንቤ አንዱንም አልጣሰም። ስም አልጠራም፤ አራት ነጥቡ ሁሉ በቦታው ነው። እንዲያውም የማርመው ነገር በማጣቴ ቅር ሳይለኝ አልቀረም። ይህ እጅ ሰባተኛ ብዬ የመዘገብኩት፣ ንጹሕና ክብ ክብ ያለ ጽሑፍ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ስለ ወፍጮ ቤቱና ስለ ልጆች ክትባት ጽፎ ያውቃል። ነገሩን ብዙም ሳላስብበት ገልብጬ ለጠፍኩት።

በማግስቱ የገበያው ሰው ሰሌዳው ሥር ተሰበሰበ። እንደ ወትሮው ጮክ ብሎ የሚያነብ አልነበረም። ሰው ያነባል፣ ዞር ይላል፣ ይሄዳል። እሑድም በውይይቱ ላይ ስለ ውኃ የተናገረ የለም። ሰኞ ካድሬው ክፍሌ በር ላይ መጣ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነበር። በትሕትና ነው የጠየቀኝ፤ የፈራሁትም ትሕትናውን ነው።

«ጓድ መምህር፣ ያ የውኃው ጽሑፍ የስንተኛው እጅ ነው?»

«ደብተሬን ማየት አለብኝ።»

«አንዴ ካየሁ እለየዋለሁ ብለኸኝ አልነበር?»

ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የተማሪዎች ደብተር መደርደር ጀመርኩ።

«ግድ የለም። ፋይሉንም ደብተሩንም እሑድ ውይይት ላይ ይዘህ ና። ሰውየውን የምንፈልገው ልናስተምረው ነው። አንተስ ታውቀው የለ፣ ሰው ከስህተቱ ይማራል።»

የመለሰልኝ የራሴን ቃል ነበር። ለእሱ ግን ይህን ብዬው አላውቅም።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እንቅልፌም ምግቤም ተበላሸ። ቃሉን ማን ወሰደለት? በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳወራ አጠገቤ ይቀመጥ የነበረው የሳይንሱ መምህር ትዝ አለኝ። ቀዩን ቀለም የሚያውሰኝ እሱ ነው። ማክሰኞ «ፋይልህ ደህና ነው?» አለኝ። ደህና ያልሆነ ፋይል አለ እንዴ? ለምን ጠየቀኝ? ደግሞ ጽሑፉን ራሱን ጠረጠርኩት። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ስህተት የሌለበት ወረቀት ማን ይጽፋል? ምናልባት እለጥፈው እንደሆነ ለማየት ሣጥኑ ውስጥ የከተተው ካድሬው ራሱ ይሆናል። ሻይ ቤት ስገባ ወሬው ወደ በግ ዋጋ ይዞራል። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲያዩኝ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። የደባርቅ ብርድ ነውና በርዷቸው ይሆናል፤ እኔ ግን ጣታቸውን የደበቁብኝ መሰለኝ።

ረቡዕ በሬን ዘግቼ ወረቀቱን ከፋይሉ አወጣሁት። ወደ መስኮቱ ይዤ ሳየው በእርሳስ የተሰመረ መስመር የለውም፤ በጥፍር ተጭኖ የወጣ መስመር ነው ያለው። ደነገጥኩ። መሠረተ ትምህርት ክፍሌ ውስጥ ማስመሪያ ስላልነበረን ወረቀትን በአውራ ጣት ጥፍር እየጫኑ መስመር ማውጣትን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በመታጠፊያው ውስጥ ደግሞ አረንጓዴ ብናኝ ነበረበት። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። መረረኝ፤ ጌሾ ነው። ከተማሪዎቼ ጠላ የሚጠምቁት አንዷ ብቻ ናቸው።

ባለፈው ዓመት በአንድ ቃል የተነሳ የታሰረ ሰው ነበር። ሚስቱ ክረምቱን ሙሉ ስንቅ ስታመላልስ አይቻለሁ። ለአከራዬ ስንቅ የሚያመላልስላቸው አልነበረም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፋይሉን ይዤ ወደ ጓሮ ዞርኩ። እትዬ የወይራ ፍልጥ እያጨሱ ጋን ያጥኑ ነበር።

«እትዬ፣ የውኃውን ወረቀት የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ጠይቅ ያለህ ማን ነው?»

«ማንም።»

«ማንም የሚባል ሰው እኮ በዚህ አገር በዝቷል» አሉና ወደ ጋናቸው ተመለሱ።

አላመኑኝም። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም በዚያ ሳምንት ማንንም አላመንኩም። ሌላ ነገር ስላልመጣልኝ እንደ ልማዴ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው፦ ስለ ፋይሉ፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ካድሬው እሑድ ስለሚጠብቀኝ።

«ቁጥር ሰጥተኸናል በለኛ» አሉ። «እኔ ስንት ነኝ?»

«ሰባት።»

«ሰባት! በሬ እንኳ ቦራ፣ ዳልቻ እየተባለ በመልኩ ይጠራል። እና አሁን ምን ልታደርግ ነው?»

ፋይሉን ዘረጋሁላቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

«እኔ አልነካውም። ነገ ‘አከራዬ ነጥቀው አቃጠሉት’ ልትል ነው? ፋይሉ ያንተ፣ እጁም ያንተ።» ጋኑን አንስተው ዘወር አደረጉት። «እሳቱ ያውልህ።»

ተቀምጬ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ከተትኳቸው። ከቁጥር አንድ ጀምሬ በተራ ነበር ያቃጠልኳቸው፤ ያን ጊዜ እንኳ መደባለቅ አልቻልኩም። ቀጥሎ ደብተሩን ገጽ በገጽ እየገነጠልኩ ጨመርኩ። እትዬ ቆመው እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ አዩኝ። ከዚያ ጋኑን በጭሱ ላይ መልሰው ደፉና «ጠላዬ ቀለም ቀለም ቢል አንተው ነህ የምትጠጣው» አሉኝ።

እሑድ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ካድሬው ፋይሉን ጠየቀኝ። አቃጠልኩት አልኩ።

«ማን አቃጥል አለህ?»

«ማንም። ጽሑፉ ተገልብጦ ከተለጠፈ በኋላ ዋናው አያስፈልግም።»

«በደንብህ ላይ ስንተኛው አንቀጽ ነው?»

«ደንቡ ላይ የለም። ጉድለቱ የእኔ ነው።»

ከሰሌዳው የነቀለውን ወረቀት ይዞ መጥቶ ነበር። ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ። «ይህ የማን እጅ ነው?»

«የእኔ።»

«እንግዲያው ነገሩም ያንተ ነው።»

ከኋላ ወንበር የተቀመጡትን ሴቶች ላለማየት ጣሪያውን አየሁ። «አዎ፣ የእኔ ነው» አልኩ።

ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩ። ቆምኩና ጀመርኩ። መጀመሪያ ስለ ደንቡ፣ ቀጥሎ ስለ ሣጥኑ፣ ከዚያ የእንስራ ተራ እንዴት እንደሚያዝ፣ አንድ በርሜል ስንት እንስራ ውኃ እንደሚወስድ፣ በርሜሉ ቢቀድም ስንት ቤት ውኃ እንደሚያጣ አስረዳሁ። ግለ ሂሱ ከእጄ ወጥቶ ትምህርት ሆነ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ከመሀል ተነሥተው «መምህር፣ ይበቃሃል፤ በርሜሉ እንኳ ገብቶታል» ሲሉ ሰው ሳቀ። ካድሬው አልሳቀም። ሰሌዳው በዚያው ቀን ተወሰደብኝ፤ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። አምቢኮ፣ ከደባርቅ በእግር ቀናት የሚፈጅ የገደል ማዶ መንደር።

በሄድኩበት ቀን እትዬ እስከ ከተማው ዳር ሸኙኝ። ዕቃዬን የጫነው በቅሎ ቀድሞን ሄዷል።

«ያንን ወረቀት ለብቻዬ አልጻፍኩትም» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «መስመሩን ያወጣሁትና ያጠፍኩት እኔ ነኝ። አምስት ሆነን አንዳንድ መስመር ነው የጻፍነው።»

«አይሆንም እትዬ። አንድ እጅ ነው። እኔ አውቃለሁ።»

«ማን አስተማረን? አንተ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍክ፤ እኛ ያንተን እያየን ቀዳን። ሌላ እጅ ከየት እናመጣለን?»

መንገድ መሀል ቆምኩ። ያ ንጹሕ፣ ክብ ክብ ያለ ጽሑፍ የማን እንደሆነ ያን ጊዜ ታየኝ። ፋይሉን ለካድሬው ብሰጠው ኖሮ፣ ያንን ወረቀት ከእኔ ግልባጭ ጎን አስቀምጦ ይስቅብኝ ነበር።

«አንድ ነገር ይንገሩኝ» አልኳቸው። «‘ሰው ከስህተቱ ይማራል’ ማለቴን ለካድሬው ማን ነገረው?»

«ይህንን ክፍል ውስጥ በቀን ስንቴ ነበር የምትለን?»

የሳይንሱን መምህር ሳልሰናበተው መምጣቴ ትዝ አለኝ።

አምቢኮ ከገባሁ ከሁለት ወር በኋላ ከደባርቅ የመጣ ነጋዴ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ስም የለውም። መጀመሪያ ያሰብኩት ካድሬው እየፈተነኝ እንደሆነ ነው፤ ነጋዴው እስኪሄድ ድረስ ሳልከፍተው ቆየሁ። ከዚያ ከፈትኩት። መስመሩ በጥፍር የወጣ ነው፤ ፊደሉ ቁርጥ የእኔ። «ሁላችንም ደህና ነን። የጠራንም የጠየቀንም የለም። በርሜሉ አሁንም ከፊት ነው፤ እንስራችንን ግን የሚነካው የለም። ጠላው ቀለም ቀለም አላለም።»

የመጨረሻዋን መስመር ከእትዬ በቀር ሊጽፋት የሚችል አልነበረም። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ምድጃው ውስጥ ከተትኩት። ተቃጥሎ እስኪያልቅም አጠገቡ ቆምኩ።