አሮጌው የት ነው ያለው?

የልጅ ልጄ ኮምፒውተሯ ላይ ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ምስር እለቅማለሁ። የምትሠራው ነገር ብዙም አይገባኝም። ለሐይቁ ዓሣ አስጋሪዎች ማን ምን ያህል ዓሣ እንዳስረከበ የሚይዝ ፕሮግራም እንደሠራች ግን አውቃለሁ። እሱን ከወደዱላት እዚሁ ሥራ ትይዛለች። ካልወደዱላት እንደ እናቷ ዐረብ አገር ልትሄድ ነው፤ ፓስፖርቷን አውጥታ ጨርሳለች።

አንድ ቀን የዓሣ አስጋሪዎቹ ሊቀመንበር ሊያየው መጣ። ልጅቱ ነካካችው፤ አልከፈት አለ። ፊቷ ጠቆረ።

«ወይኔ! የፕሮግራሚንግ ቋንቋው አዲሱ ነው የመጣው። እኔ የሠራሁት በአሮጌው ቨርዥን ነው፤ አሮጌው ነው የሚያስፈልገኝ!»

እህቴ ስትዳር (ባሏ እስላም ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው) የእስላሙ ሥጋ በአንድ ድስት፣ የክርስቲያኑ በሌላ ድስት ነው የተሠራው። ጭልፋው እንኳ አልተነካካም። እኛ አገር ሁለት ከሆነ ዕቃውም ሁለት ነው። ስለዚህ ጓዳ ገብቼ፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀውን የድሮ ኮምፒውተሯን ከአልጋ ሥር ጎትቼ፣ በነጠላዬ ጠርጌ አመጣሁላት።

«ይኸው አሮጌው።»

ሊቀመንበሩ ከት ብሎ ሳቀ። «ወላሂ እማማ፣ እርስዎን ነው መቅጠር!»

እሷም ጭንቋ ውስጥ ሆና ሳቀች። «እምዬ፣ ሁለቱም እዚሁ ውስጥ ናቸው። የሚጭንና የሚያቀያይር ሌላ ፕሮግራም አለ፤ ያዘዝኩትን ያቀርብልኛል። ትናንት ለሌላ ሥራ አዲሱን አዝዤ፣ መመለሱን ረስቼ ነው።»

«እንደ ድግስ አሳላፊ?»

«አዎ፣ አሳላፊ በይው።»

«አዲሱ ካለ አሮጌውን ለምን አትጥይውም?»

«በሱ የሠራሁት ሁሉ ይቆማላ!»

አንዲት መስመር ጻፈች። ተከፈተ። ሊቀመንበሩ እሱ ራሱ ያስረከበው ዓሣ ተመዝግቦ አይቶ ራሱን ነቀነቀና «አብሽሪ፣ ነገ ቢሮ ነይና ሥራ ጀምሪ» ብሏት ወጣ።

እሱ ሲወጣ ኮምፒውተሩን አንስቼ ከሥሩም ከጎኑም አየሁት።

«አሁን ደግሞ አዲሱ የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም፣ እምዬ።»

የትም ካልሄደ ለምን አይታይም? ድግስ ላይ እኮ ሁለቱም ድስት ይታያል። እስከ ዛሬ አልገባኝም። ብቻ ጠዋት ጠዋት ወደ ዓሣ አስጋሪዎቹ ስትሄድ በር ላይ አቆማትና «ዛሬ የማንኛው ተራ ነው?» እላታለሁ። «የአሮጌው፤ አዝዤዋለሁ» ስትለኝ ነው የምለቃት።