የበላውን በሬ አላደነዝዝም

ፖሊሶች የያዙኝ ከክሊኒኩ በር ላይ፣ ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ ነው። ጥፋቴ ጂንካ አዳራሽ በተጠራ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «መሬቱ ለእርሻ ከታጠረ ከብቶቹ የት ይጠጡ?» ብዬ መጠየቄ ነው። የከብት ሐኪም ስለ ከብት ውሃ ካልጠየቀ ስለ ምን ሊጠይቅ ኖሯል? ማዘዣ የለ፣ ክስ የለ፤ ገፍትረው ጣቢያው እስር ክፍል አስገቡኝ።

ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ከቀትር በኋላ ያቃጥላል። ጥግ ላይ አንድ የሐመር ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በታጠረው መሬት ከብት አሰማርተዋል ተብለው ነው የመጡት። ተቀምጠው የሚውሉባትን፣ ሲተኙም የሚንተራሷትን ቦርኮቶ ሳይቀር ቀምተዋቸዋል። ወይ ግፍ! የእንጨት በርጩማ ምን አደረገቻቸው?

በሬያቸውም አብሮ ታስሯል፤ «ኤግዚቢት ነው» ተብሎ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ላይ ተጠፍሯል። ሲይዟቸው በተነሳ ግርግር ቀንዱ ከሥሩ ተሰብሮ ትል ወድቆበታል። ሽታው እኛ ድረስ ይመጣል። በሬው ባጓራ ቁጥር ሽማግሌው ተነስተው በሩ ሥር ይቆማሉ።

አንድ ጠዋት የጣቢያው ኃላፊ ራሱ መጣ።

«ዶክተር፣ ነገ ከላይ ሰዎች ይመጣሉ። ይሄን ቀንድ ዛሬውኑ ቆርጠህ አጽዳልኝ። ከጨረስክ ማታ ቤትህ ታድራለህ።»

ሚስቴ ደርሳ ነበር፤ ዛሬ ነገ የምትባል እርጉዝ።

መድኃኒቱንና መሣሪያውን ከክሊኒኩ አስመጡልኝ። በሬው ጋ ስደርስ ማሽላ እያላመጠ አገኘሁት። «ማነው ያበላው?» አልኩ።

አንዱ ፖሊስ ደረቱን ነፋ። «እኔ ነኛ! ኦፕራሲዮን ሊደረግ አይደል እንዴ? አቅም ያግኝ ብዬ አጠገብኩት።» ክፋት የለውም፤ እኛ ዘንድ የታመመ ሁሉ ብላ ብላ ነው የሚባለው።

መርፌውን ወደ ቦታው መለስኩ። ሆዱ የሞላ በሬ ደንዝዞ ሲተኛ የበላው ተመልሶ ሳንባው ይገባል፤ ታፍኖ ይሞታል። «እስከ ነገ ምንም አይቅመስ። ዛሬ አላደነዝዘውም» አልኩ።

«ታዲያ ሳታደነዝዝ ቁረጠው!» አለ ኃላፊው።

«እሱንማ አላደርገውም።»

«ይሄም ፖለቲካ ነው?»

«ይሄ ሆድ ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ከበሬህ ጋር ክረማ!» ብሎኝ ሄደ።

የሆነውን ለሽማግሌው ነገርኳቸው። እሳቸውም በሚችሉት አማርኛ «ዶክተር፣ በሬ ተው። አንተ ሂድ። ሚስት አለ» አሉኝ። እንባዬ መጣ። የንዴት እንባ ነው፤ እኚህ ሰው እኔን እንዲያጽናኑኝ ማን ፈረደባቸው?

ከላይ ይመጣሉ የተባሉት ሳይመጡ ቀሩ። ሽታው ግን ኃላፊውን ቢሮው አላስቀምጥ ብሎት በማግስቱ አስጠራኝ። በሬው ጾሟል፤ ነገር ግን ዩኒፎርም ባየ ቁጥር ይፈራገጣል። የደነገጠ እንስሳ ደግሞ መድኃኒቱ በደንብ አይዘውም። «ባለቤቱ ይምጡና ያረጋጉልኝ፤ ያለዚያ አልወጋም» አልኩ። ኃላፊው ጥርሱን ነክሶ ፈቀደ።

ሽማግሌው እጃቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው በቋንቋቸው ዝቅ ባለ ድምፅ ዘፈኑለት። በሬው ጆሮውን ጣለ። ያኔ ወጋሁት። በቀኝ ጎኑ አስተኛነው፤ ምራቁ እንዲፈስ አፉን ዘቅዘቅ አደረግንለት። ቀንዱን ቆርጬ ትሉን ለቅሜ አጸዳሁ።

«በቃ፣ ግቡ!» አሉን።

«ተነስቶ ሳይቆም ንቅንቅ አንልም።»

ሁለት እስረኞች የአንድ በሬ ጭንቅላት ደግፈን ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ጠመንጃ ይዘው ከበው ጠበቁን። በሬው ቆመ።

እኔን ወራት አቆዩኝ። ልጄ የተወለደችው እዚያ ሳለሁ ነው፤ ሳያት በዳዴ ትሄድ ነበር። ዛሬም ወዳጆቼ «ምናለ ወግተኸው ብትወጣ? ለበሬ ብለህ!» ይሉኛል። ደሜ ይፈላል። ሚስቴን፣ ልጄን፣ ሥራዬን ነጥቀውኛል። በዚያ ግቢ ውስጥ በእኔ ፈቃድ የሚሆን አንድ ነገር ቢኖር ያቺ መርፌ ነበረች። እሷንም ልስጣቸው?