ስንት ጊዜ ጋለ?

ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ መኪና ይተዳደራሉ፤ ዓይን ለዓይን ግን አይተያዩም። ከአባታቸው የወረሱት ከባድ የጭነት መኪና ነው፤ ግማሹ የትልቁ፣ ግማሹ የትንሹ። የትኛው ግማሽ የማን እንደሆነ ቢታወቅ ኖሮ ይሄኔ በመጋዝ ከመሃል ቆርጠው በተካፈሉት ነበር። ሰፈሩም ስማቸውን ትቶ ትልቁና ትንሹ ይላቸዋል፤ ትልቁ ሃምሳ ዓመት ካለፈው ሰነባብቷል።

ሆድና ጀርባ የሆኑት በናፍጣ ነው። አባትየው በሕይወት ሳሉ ትንሹ ሄዶ፣ «ጋሼ ከታንከሩ ናፍጣ እየቀዳ ይሸጣል» ብሎ ነገራቸው። አባትየውም ቁልፉን በሰው ፊት ነጠቁት። ትልቁ ይህን ባሰበ ቁጥር እስከ ዛሬ ቆሽቱ ያርራል። ነገሩ ሐሰት ቢሆን ይቅር ይል ነበር፤ ያንገበገበው እውነት መሆኑ ነው።

አባትየው ከሞቱ ወዲህ ሳምንት ሳምንት እየተፈራረቁ ይነዳሉ። ተራውን የጨረሰው መኪናዋን ግቢ አቁሞ ቁልፉን ዘበኛው ክፍል ያለች ምስማር ላይ ይሰቅላል፤ ሌላው በማግስቱ መጥቶ ያነሳል። ጠብ የለም፣ ጭቅጭቅ የለም፣ እግዜር ይስጥልኝም የለም። ትልቁ ይህን አሠራር የፈጠርኩት እኔ ነኝ እያለ ይኮራበት ነበር። የሚያኮራ ነገር ማጣት እንዲህ ያደርጋል።

እንግዲህ መኪናዋ ሲሚንቶ ጭና ዳገት መሃል ቀጥ ያለችው በትልቁ ሳምንት ነው። ተጎትታ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ የአባታቸው እኩያ፣ ትዕግሥታቸው ያለቀ ሽማግሌ ናቸው። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አውርደው በዘይት የጠቆረ ጠረጴዛ ላይ አጋደሙትና ሁለቱንም አስጠሩ። መጡ። አንዱ ከሞተሩ ግራ፣ አንዱ ከቀኝ ቆመ።

«ይንገሩት፣» አለ ትንሹ ዓይኑን ከሞተሩ ሳይነቅል። «ይህ ሞተር አልቆለታል። ያገለገለ ደህና ሞተር ገዝተን እንቀይር።»

«ይንገሩት፣» አለ ትልቁም ግንባሩን ቋጥሮ፣ «ገንዘብ የሞላው ሰው መቀየር ይቀለዋል። ቴስታታው ይላግ፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይቀየር፣ ትነሳለች።»

«ይንገሩት፣ ያቃጠላት እሱ ነው።»

«ይንገሩት፣ አፍንጫውን ይላስ!»

«በቃ!» አሉ መካኒኩ። «እኔ የእናንተ ስልክ ነኝ እንዴ? ሁለታችሁም ጆሮ አላችሁ!»

ትልቁ መጠገንን ሙጭጭ ያለው ሞተሩን ወዶ አይደለም። ለጥገናው የሚደርስበትን እንደ ምንም ብሎ ይከፍላል፤ ለቅያሬው ግን ግማሹ ቀርቶ ሩቡም የለውም። ትንሹ አለው፤ ሚስቱ የቀለምና የሚስማር ሱቅ አላት። ትንሹም መልእክቱን በሚስቱ በኩል ቀድሞ ልኳል፤ የቅያሬውን ድርሻህን መክፈል ካቃተህ እኔ ሙሉውን ከፍዬ ግማሽህን እወስዳለሁ ብሏል። መቀየር ማለት ለትልቁ መኪናውን ማጣት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ነድቶ አያውቅም፤ «ቅጥር ሹፌር» የሚለውን ቃል ሌሎችን ለመስደብ ሲጠቀምበት ነው የኖረው።

መካኒኩ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መሃላቸው ገቡ።

«ስሙኝ። ይጠገን ወይስ ይቀየር የሚለውን የምወስነው እኔ አይደለሁም፤ አንድ ጥያቄ ነው። ይህ ሞተር ስንት ጊዜ ጋለ? አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ቴስታታውን አስልጌ፣ ጓርኒሲዮን ቀይሬ እሰጣችኋለሁ። እየጋለ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋበት የከረመ ከሆነ ግን ብሎኩ፣ አካሉ ራሱ፣ ውስጥ ውስጡን ተሰንጥቋል። ለዓይን አይታይም፤ እዚህ ደግሞ የሚመረምር ማሽን የለኝም። ጭናችሁ ቁልቁለት ስትወርዱ ነው የሚታየው። ያኔ ሞተሩ ቀጥ ይላል፤ ለፍሬኑ አየር የሚሞላው እሱ ነውና ፍሬኑንም ይዞት ይሄዳል።» ወደ ትልቁ ዞሩ። «ስንት ጊዜ?»

ትልቁ መልሱን ያውቃል። ከክረምት በፊት ጀምሮ ውሃዋ እየጎደለ፣ ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን እየነካ ከርሟል። ያን ጊዜ ዳር ይይዝና፣ ዕቃ የሚጠብቀው ነጋዴ በስልክ ሲጮህበት፣ ሳትበርድ ጄሪካኑን ይገለብጥባታል። በሳምንቱ መጨረሻ ውሃዋን እስከ አፏ ሞልቶ፣ ቁልፉን ሰቅሎ፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ልንገረው ብሎ አስቦ አያውቅም? አስቧል። «እሱ ነገር ማቀበል ይችልበታል፤ እኔ አልችልበትም» ብሎ ነው የተወው።

«አንድ ጊዜ፣» አለ ትልቁ። «የቆመች ቀን ብቻ።»

ሲናገር ሒሳቡን ጨርሷል። መኪናዋ የቆመችው በሱ ተራ ስለሆነ ከጥገና ስትወጣ ቀሪውን ሳምንት የሚነዳት እሱ ነው። ቀላል ጭነት ይዞ፣ ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የትንሹ ሳምንት ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰበም ብል ውሸታም እሆናለሁ። አስቦታል። ወንድሙ ሲሚንቶ ጭኖ ያን ቁልቁለት ሲጀምር ታይቶታል፤ ታይቶትም ቃሉን አላጠፈም።

መካኒኩ አሁን ወደ ትንሹ ዞሩ። «አንተስ? በአንተ ሳምንት ግሎ ያውቃል?»

ትንሹ ጠዋቱን ሙሉ ይቀየር እያለ አገር ምድሩን ሲያውክ የዋለ ሰው ነው። አሁን ጫማውን አየ። ከዚያ ቀና አለና፣ «በእኔ ሳምንት ምንም አልሆነም» አለ። «አንድ ጊዜ ነው ካለ እሺ፤ ይጠገን። ሳምንቱንም እሱው ይጨርስ።»

እንዲህ በቀላሉ! ትልቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ የወንድሙን ፊት ተመለከተ። የአባታቸው ፊት ነው፤ አፍንጫው ሳይቀር። ከጆሮ ግንዱ ላብ ይወርዳል፤ ጋራዡ ግን ቀዝቃዛ ነው። ትልቁ ያን ፊት ማንበብ አላቃተውም፤ ከደቂቃ በፊት ራሱ ለብሶት ነበራ።

«ካንተም ጋር ግሏል፣» አለው፤ ፊት ለፊት፣ ያለ መካኒኩ።

ትንሹ ወደ መካኒኩ ዞረ።

«አንተን ነው የማናግርህ! ግሏል አልጋለም?»

«ግሏል።»

«ከመቼ?»

«ከክረምት በፊት።»

«ውሃስ ደፍተህበታል? እንደጋለ?»

«ምን ላድርግ? ደንበኛው አላስቆም አላስቀምጥ ይለኛል። አንተስ?»

«እኔም።»

መካኒኩ ጨርቁን መሬት ላይ ወረወሩት። «እናንተ ሰዎች! አንድ ቃል እኮ ነው! ‹ውሃ ይጎድላል› ብትባባሉ የአንድ ቀን ሥራ ነበር!» አሉና ጀርባቸውን ሰጥተው ሄዱ። ሁለቱ የተከፈተውን ሞተር መሃል አድርገው ቀሩ።

«ልትልከኝ ነበር፣» አለ ትልቁ። «እኔም አቃጥያታለሁ ላለማለት ብለህ፣ ብሎኩ እየተሰነጠቀ መሆኑን እያወቅህ፣ ቁልቁለቱን እንድወርድ።»

«አንተስ?» አለ ትንሹ። «በቀጣዩ ሳምንት ማን ሊወርደው ነበር?»

ክፋቱ የትልቁ ብቻ ቢሆን ያፍር ነበር፤ የወንድሙ ብቻ ቢሆን አንገቱን ያንቀው ነበር። እኩል መሆኑ ነው እጅ እግሩን ያሠረው። ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን ቴስታታ በመዳፉ ዳሰሰው፤ ዘይቱ በጣቶቹ መሃል ገባ። ሚስቱን ምን እንደሚላት አሰበ። ጭነት ተራ የሚጠብቁት ሹፌሮች ምን እንደሚሉም አሰበ፤ እነሱ ደግሞ ለማሽሟጠጥ አንደኛ ናቸው።

«ይቀየር፣» አለ በመጨረሻ።

ትንሹ ደስ ያለው አይመስልም፤ ያዘነም አይመስልም። በኪሱ ያለውን ስልክ ነካ ነካ አደረገ፤ የሞተር ሻጩን ቁጥር ይዞ ነው የመጣው።

«ግማሽህን በሚገባ ዋጋ እገዛሃለሁ፣» አለው። «ስለ ሹፌርነት ደሞዝህ ደግሞ ኋላ እንነጋገራለን።»

ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ወንድሙ ፊት ለፊት የጀመረለት ወሬ ይህ ነው። ትልቁ ሰውን እንደዚያች ሰዓት ጠልቶ አያውቅም፤ በናፍጣው ጊዜ እንኳ እንዲህ አልጠላውም። መሀረቡን አወጣና ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ።

«ራዲያተሩም ያፈስሳል፣» አለው። «በግራ በኩል፣ ከታች። እሱንም ቀይር፤ አለዚያ አዲሱንም ይበላዋል።»

«እሺ፣» አለ ትንሹ። ቆየት ብሎም፣ «እሺ ጋሼ» አለ፤ ትልቁ ግን የጋራዡን በር አልፎ ወጥቶ ነበር።