ከጎማ ሥር ያነሳሁት ድንጋይ

እኔ ድሮም ቁጭ ማለት አልችልበትም። ልጆቼ «እማዬ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ይሉኛል። ያን ሰሞን ግን እሾህ ብቻ አልነበረም፣ ፍም ነበር።

የምንኖረው ፉሪ ነው፣ ቁልቁለቱ ላይ። ሰፈሩ ሁሉ ቤት ስለሚሠራ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ሹፌሮቹ ሲያቆሙ መኪናው እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባሉ። ሲሄዱ ድንጋዩን መሃል መንገድ ጥለውት ውልቅ! እኔ ደግሞ እለቅማለሁ። በክረምት ጭቃችን ጫማ ይውጣል፣ ስለዚህ በየጎረቤቱ ደጅ መረገጫ አደርገዋለሁ። «የሰፈሩ ከንቲባ መጣች» እያሉ ያሾፉብኛል።

ያን ቀን አንዱ ገልባጭ አሸዋውን ደፍቶ ቆሟል። ሹፌሩ ምሳ ሊበላ ሄዷል። ከኋላ ጎማው ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አየሁ። ምኑን ድንጋይ፣ ጠረጴዛ በሉት! ጎማው አልተጫነውም፣ በእግሬ ገፋ ባደርገው ወጣልኝ። መኪናውም ንቅንቅ አላለም። የተረሳ ነው ብዬ እያለከለክሁ ተሸክሜ ወረድኩና የጎረቤቴ ደጅ ላይ አጋደምኩት። እሷ ከበሯ ፊት ለፊት መደብ ዘርግታ ሽንኩርትና ድንች ትሸጣለች። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፣ በአፍ ግን እኩያዬ ናት።

«ደግሞ ይሄን ከማን ሰረቅሽው?» አለችኝ።

«ከባልሽ ቤት!» አልኳት። ባል የላትም። ተሳስቀን ወደ ቤቴ ገባሁ።

ምስር መልቀም ስጀምር እንደ ነጎድጓድ ያለ ጉርምርምታ መጣ። ስወጣ ገልባጩ ያለ ሹፌር ቁልቁል ወርዶ፣ መደቧን ጨፍልቆ፣ አጥር ላይ ተደግፏል። ሽንኩርቱ በየቦዩ ይንከባለላል። እሷ መሬት ላይ ናት፣ ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰብሮ።

ሹፌሩ አፉን ሳይጠርግ እየሮጠ መጣ። ትራፊኩ ሲይዘው «ድንጋይ አድርጌ ነበር፣ ልጆቼን!» እያለ ይምላል። ሰዉ «ውሸታም!» ይለዋል። እኔም ከሁሉ አስበልጬ «ውሸታም!» አልኩት። ድንጋዩ ትዝ ያለኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ማን ይቀመጥ! ብናገር ጎረቤቴን አጣለሁ። ዝም ብል የልጆች አባት በኔ ጥፋት ውሸታም ተብሎ ይታሰራል። የታጠበ ልብስ መልሼ አጠብኩ። አንድ ቀን ታክሲ ተሳፍሬ እስከ ጀሞ ሄድኩ። ወያላው «እማማ፣ የት ነው ወራጅ?» ሲለኝ «አንተ መኪናዋን አታቁማት እንጂ የትም ይሁን» አልኩት። በዚያው ታክሲ ተመለስኩ።

በዐሥረኛው ቀን ባለመኪናው ሦስት ሽማግሌ ይዞ እርቅ ለመነ። ሹፌሩም በዋስ ወጥቶ ነበርና አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ቆሟል። ጎረቤቴ እግሯ በጀሶ ታስሮ አልጋ ላይ ናት። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን በዚያ ድንጋይ ላይ ጠራርገው ገቡ። አንደኛውማ «እንዴት ያለ መረገጫ ነው፣ ያስቀመጠውን እጁን ይባርከው» ብሎ መረቀ። እኔ ከበር ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በር።

«ምነው እትዬ፣ አረፍ አትይም?» አለችኝ ጎረቤቴ።

«ወገቤን ነው» አልኳት።

ባለመኪናው ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ጀመረ። «መኪናዬ ጤነኛ ናት። ጥፋቱ የሱ ነው፣ ድንጋይ አላደረገም። እኔ ከደግነቴ ለመድኃኒት አግዛለሁ፣ የቀረውን ከሱ ጋር ጨርሱ» ብሎ እንድትፈርምበት ወረቀት አወጣ። ሹፌሩ አንገቱን ይበልጥ ደፋ። መማሉም ደክሞት ነበር መሰለኝ።

«ድንጋዩን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ጎረቤቴ «ምን አልሽ?» አለች።

«ደጅሽ ላይ ያለው ነው። አሁን ሽማግሌዎቹ የረገጡት።»

የመረቀው ሽማግሌ ጫማውን ቁልቁል አየ።

ባለመኪናው ዘሎ ተነሳ። «ይኸው ተገኘች! በቃ፣ ተጠያቂዋ እሷ ናት!»

«እሺ ጌታዬ፣ እኔ ልታሰር» አልኩት። «ግን እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ አንድ ነገር አስረዳኝ። ይሄን የሚያህል ብረት ገዝተህ፣ የሚያቆመው አሮጊት በእግሯ የምትገፋው ድንጋይ ነው? ፍሬን ሳይገጥሙልህ ነው የሸጡልህ?»

ሽማግሌዎቹ ወደ ሹፌሩ ዞሩ። እሱም በቀስታ «የእጅ ፍሬኑ አይዝም እማማ» አለ። «ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፣ ‹ድንጋይ እያደረግህ ሥራ› አለኝ። በማርሽ አስሬ፣ ድንጋይ አድርጌ ሄድኩ። ማርሹ አመለጠ። እኔም ብሆን እንዲህ ያለ መኪና ቁልቁለት ላይ ትቼ ምሳ መሄድ አልነበረብኝም።»

ባለመኪናው «ውሸት ነው!» አለ። በዚያ ሰሞን ይህችን ቃል ከሁላችን አፍ ሰማኋት። ትልቁ ሽማግሌ ወረቀቱን አጥፎ መለሰለት። «ይህን መጀመሪያ ሕግ ይስማው። እርቁ ከዚያ በኋላ ይደርሳል» አለ።

በማግስቱ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። ፖሊሱ «እማማ፣ ይሄ እርስዎንም ሊያስጠይቅዎ ይችላል» አለኝ።

«ይጠይቁኝ ልጄ፣ መልስ ሞልቶኛል» ብዬ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈረምኩበት። መኪናውም ተመረመረ፣ የእጅ ፍሬኑ እውነትም አይዝም። አሁን ባለመኪናውም፣ ሹፌሩም፣ እኔም እንመላለሳለን። ለማን ስንት ጥፋት እንደሚደርሰው ገና አልለየለትም።

የጎረቤቴ ግን ይብሳል። ጥፋቴን የተናገርኩ ዕለት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በየቀኑ የቅልጥም መረቅ ይዤላት እሄዳለሁ። ትጠጣለች፣ ሳህኑን ባዶውን ትመልስልኛለች፣ ቃል የለም። እኔም እዚያው ቆሜ ስለ ሰፈሩ ሁሉ እለፈልፋለሁ፣ ስለ ድመቱ ሳይቀር፣ ሳቋ ካመለጣት ብዬ። አያመልጣትም።

ዛሬ ጠዋት አንዴ ፉት አለችና ሳህኑን አስቀመጠችው። ግድግዳውን እያየች «ጨው የለውም» አለችኝ።

እኔ አሮጊቷ በሩጫ ወጣሁ። ቤቴ ደርሼ ለምን እንደመጣሁ ጠፋኝ፣ ባዶ እጄን ተመለስኩ። «ምን ፈልጌ ነበር የሄድኩት?» አልኳት።

«ጨው ነዋ፣ አንቺ ዝንጉ!» አለችኝ። ይኸው ደግሞ እየሮጥኩ ነው።