ከመጋረጃው ጀርባ የሚገባ ጠብታ

ባለቤቴ መነጽር ሠሪ ነው። ሌንስ ከመሞረዱ በፊት ዐይኑን ጨፍኖ ይጸልያል፤ ከዚያ ገልጦ በመሣሪያ ይለካል። ባልደረቦቹ «ቄሱ» እያሉ ያሾፉበታል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። ጸሎቱና መለኪያው በሱ ዘንድ ተጣልተው አያውቁም። ያጣሏቸው ሌሎች ናቸው፤ እነሱን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

እናቱ አጠገባቸው ያለውን ብርጭቆ እየገፉ ሲጥሉ አይቶ ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። የዐይን ግፊት ነው ተባለ። ይህ በሽታ አያምም፤ እይታን ከዳር ከዳር እየበላ ይመጣል፣ የበላውንም አይመልስም። መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ በየቀኑ የሚገባ ጠብታ ነው።

ሐኪሙ ግን አፉን አልሰበሰበም። አማቴ «እግዚአብሔር ይጨመርበት» ቢሉት፣ ወይ ጠብታዬን ወይ ጸሎትዎን ይምረጡ አላቸው። እሳቸውም መረጡ። በዚያው ሳምንት እሑድ ጉባኤ ፊት ቆመው መዳናቸውን መሰከሩ፤ መጋቢው ጠብታውን ከእጃቸው ተቀብሎ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው፣ ሕዝቡም አጨበጨበ። አንዱ በዕውቀቱ፣ አንዱ በመድረኩ ተኮፍሶ በአንዲት አሮጊት ዐይን ተጫወቱ። ሁለቱንም አንድ ክፍል ውስጥ ዘግቼባቸው መብራቱን ባጠፋው ደስ ይለኛል።

ባሌ ቁጡ ሰው አይደለም። ያን ሰሞን ግን እህል አልወርድለት አለ። አዲስ ጠብታ ገዝቶ ይለማመጣቸዋል፣ እሳቸው አሻፈረኝ ይላሉ፤ እንዲህ እያልን ወራት አለፉ። አንድ ቀን እዚያው ገዛ ቤታቸው ውስጥ በግንባራቸው ከበሩ ጠርዝ ጋር ተላተሙ። ያኔ ትዕግሥቱ አለቀ።

«እማዬ፣ እኔ ሌንስ ስሞርድ የምጸልየው እጄ እንዳይስት ነው። ጸልዬ እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ ሌንሱን ማን ይሠራዋል?»

አማቴ የተመታ ግንባራቸውን አሹ።

«ልጄ፣ ድኛለሁ ብዬ መስክሬያለሁ እኮ። ብጨምረው በእግዚአብሔር ቤት ዋሸሁ ማለት ነው» አሉ።

ለካ ጠብታውን አልጠሉትም፤ ምስክርነታቸው ነው አስሮ የያዛቸው። በስንት ልመና እሺ አሉ፣ የጉባኤው ሰው እንዳያይ ብቻ። አሁን ባሌ በየማታው በሩን ይቆልፋል፣ መጋረጃውን ይጋርዳል፣ «በጌታ ስም» ብሎ ያንጠባጥብላቸዋል። በጌታ ስም፣ ከጌታ ሰዎች ተደብቆ። ስናደድ እኔን ቀስ በይ ይለኛል።

ባለፈው እሑድ መጋቢው አማቴን እንደገና ወደ መድረክ ጠራቸው፤ ጌታ ዐይናቸውን እንዴት እንዳበራ ለአዲስ አማኞች እንዲነግሩ። ቀኝ ዐይናቸው ጨርሶ ጠፍቷልና ደረጃውን ባሌ እጃቸውን ይዞ አወጣቸው። ሕዝቡም እንደ በፊቱ አጨበጨበ።