ነጭ እውነት

ስሙን የሚያውቁት እንኳ በስሙ አይጠሩትም፤ «ጋሽ ዲክሽነሪ» ነው የሚሉት። እንግሊዝኛ ሲያስተምር ፀጉሩን የጨረሰ፣ አንድ ቃል ካገኘ ዘር ማንዘሩን ቆጥሮ ካላወጣ እህል የማይወርድለት መምህር ነው። ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት። ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ባለችው ክፍሏ፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን ያስገባች ሴት ሁሉ የሆዷን ትዘረግፍላታለች፤ እሷ ግን እንዳልሰማች ሆና ቢጎዲኗን ትጠቀልላለች።

የሕንፃው ሊፍት ከቆመ ቆይቷል። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር የሆነው የጥርስ ሐኪም በተጠየቀ ቁጥር «ሰሞኑን ይሠራል» ይላል። ፈገግታው ስለሚያምር ሰው ሁሉ አመስግኖት በደረጃ ይወጣል። አዲስ ምርጫ ሲቃረብ ግን አምስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ፣ ጉልበታቸውን እያሹ መምህሩ ዘንድ መጡ።

«መምህር፣ እርስዎ ይወዳደሩልን። እርስዎ አይዋሹም።»

መምህሩ ወደ ሊፍቱ ሳይሆን ወደ መዝገበ ቃላቱ ሮጠ። ራት ላይ ፊቱ በርቶ መጣ።

«ስሚማ! እንግሊዞች የልቡን ሳይደብቅ የሚናገር ሰው ካንዲድ ይሉታል። ሥሩ ላቲን ነው፤ ነጭ፣ የሚያበራ ማለት ነው። ከነጭ ተነሥቶ ንጹሕ ሆነ፤ ከንጹሕ ቅን፤ ከዚያ ግልጽ ተናጋሪ። ካንዲዴት፣ ማለትም ዕጩ ተወዳዳሪ፣ የዚሁ ቃል ወንድም ነው! የጥንት ሮማውያን ለሹመት ሲወዳደሩ ልብሳቸውን በጠመኔ አንጥተው ነበር አደባባይ የሚወጡት።»

«ታዲያ ልብስ ስለነጣ ሰው እውነተኛ ይሆናል?»

«ምልክት ነዋ!»

«በእኛ ቋንቋ እኮ ነጭ የሚባለው ውሸት ነው» አለች ሚስቱ፣ ሳህን እያነሣች።

ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። የስብሰባው ዕለት ክሬም ኮቱን አውጥቶ፣ ከትምህርት ቤት ባመጣው ጠመኔ ከትከሻው እስከ ጫፉ አሸው። «ኧረ በሞትኩት፣ ከወፍጮ ቤት የወጣህ ትመስላለህ!» ብትለውም ለብሶት ወረደ።

መጀመሪያ የጥርስ ሐኪሙ ተነሥቶ «ሊፍቱ ሰሞኑን ይሠራል» አለና ተጨበጨበለት። ቀጥሎ መምህሩ ቆመ።

«ጎረቤቶቼ፣ ካንዲድ ልሁንላችሁ!» ብሎ ደረቱን ሲመታ ነጭ አቧራ ቦነነ። ፊት የተቀመጡት ማሳል ጀመሩ። «ሊፍቱ ሰሞኑን አይሠራም። ቴክኒሻን አስመጥቼ አሳይቻለሁ፤ የሚወርድበት ጉድጓድ በቆሻሻ ተሞልቷል። ማን ሞላው? እኛው! በተሰበረው በር ስትጥሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ነርሷ ዳይፐር፣ ዳኛው የድመታቸውን አሸዋ፣ እማማም የሽንኩርት ልጣጭ...»

«ይወዳደሩ አልን እንጂ ይስደቡን መች አልን!» አሉ እማማ።

«ነጭ ውሸት!» ብሎ ዳኛው ከወንበሩ ተነሣ።

ድምፅ በእጅ ተሰጠ። ለጥርስ ሐኪሙ የእጅ ደን በቀለ። መምህሩ በዚያ ደን ውስጥ ጣቶቹ በፀጉር ቀለም የጠቆሩ አንድ እጅ አየ። የሚስቱ እጅ ነበር።

ቤት ገቡ። በሩ እንደተዘጋ «አንቺም?» አላት።

«ካንዲድ ልሁንልህ?» አለችው ኮቱን እየተቀበለች። «እማማም ነርሷም ደንበኞቼ ናቸው። ብትመረጥ ደግሞ ይቺ ቤት ፍርድ ቤት ትሆን ነበር። እውነቱን ተናግሮ የመሸበት ማደር ደስ ይላል፤ አንተ ግን የሚመሽብህ እኔ ቤት ነው።»

ዕድሜ ልኩን ስለ ግልጽነት ያስተማረው ሰው አኮረፈ። «ጨው አቀብይኝ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም።

ቃሉ ግን ሕንፃው ውስጥ ቀረ። የጥርስ ሐኪሙ በሚቀጥለው ስብሰባ «እንደ መምህራችን ካንዲድ ልሁንና፣ ሊፍቱ ሰሞኑን ይሠራል» አለ። ሰው ቃሉን ወደደው። ነርሷ ሥራ ስትቀር ለአለቃዋ ደውላ «ካንዲድ ልንገርዎ፣ አሞኛል» ትላለች። ዳኛው ጉድጓዱ በር ላይ ፌስታል ይዞ ሲገኝ «ካንዲድ፣ ላየው ብዬ ነው» ይላል። ሊዋሽ ያሰበ ሁሉ ወሬውን በካንዲድ መክፈት ጀመረ።

አንድ ማለዳ መምህሩ ዳቦ ሊገዛ ወረደ። ባለሱቁ ዳቦውን በጣቱ ሲያንኳኳው እንደ እንጨት ጮኸ። «ካንዲድ ጋሼ፣ የዛሬ ነው!» አለው።

መምህሩ ሳቁ አመለጠው። ዳቦውን ታቅፎ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ወጣ።

«ስሚ አንቺ! ቃሉ እኮ ትርጉሙ ተገለበጠ! ከነጭ ወደ ቅን ለመድረስ ስንት ዘመን ፈጀ፤ እዚህ ከቅን ወደ ውሸት ሲወርድ ግን በዓይኔ አየሁት!»

ሚስቱ ኩርፊያው ስለተፈታ ደስ አላት፤ አፏን ይዛ ሳቀች። ሻይ ቀዳችለት። እሱ ስለ ቃሉ ሲያወራ፣ እሷ የደረቀውን ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከረች ትበላ ነበር።